ስድስት ሰዓት የቀደመው ሮቦት

ሰው ጣቱን በምራቁ አርሶ ወረቀት ሲገልጥ ማየት ያንገሸግሸኛል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የማየው ግን ይኼንኑ ነው። መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የልደት ካርዱ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻው፣ የቤት ሽያጭ ውሉ፣ ሁሉም ከእጅ እጅ ዞሮ፣ ዳር ዳሩ ወይቦ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ተቀብዬ እጽፋለሁ፤ እጄን እታጠባለሁ፤ የሚቀጥለውን እቀበላለሁ። ብርሀንነሽ ቁጡ ናት የሚል ሰው አንድ ቀን እኔ ወንበር ላይ ይዋልና ከዚያ ያውራ።

ቁጡ ብሆንም ጽሑፌ አይሳሳትም። የኔን ጽሑፍ ይዞ ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው በአባቱ ስም ላይ በተሳሳተ ፊደል ቀጠሮ ተለውጦበት አያውቅም። እዚያው አጠገባቸው ጸሐፊ እያለ ከከላላ ድረስ እኔን ፍለጋ የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ። የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ?

አድማሴ ቤቴ የመጣው ዐምና መስከረም ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ቀጭን፣ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ሳይቆልፍ ከቤት የማይወጣ፣ ከመቀመጡ በፊት ወንበር የሚጠርግ ሰው ነው። ወንበር በጠረገበት መሐረብ ፊቱን አይጠርግም፤ ለየአንዳንዱ የተለየ መሐረብ አለው። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ከየት አገኛለሁ? ወዲያው ወደድኩት። የገበሬ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስታትስቲክስ ተምሮ አቀስታ አካባቢ አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ከሳተች መልሱን በሙሉ ስለሚሰርዝ ተማሪዎቹ «አቶ ነጥብ» ይሉት ነበር አሉ። በመጨረሻ ብርዱና ደመወዙ ተባብረው አባረሩት።

እኔ ዘንድ የመጣው ለመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆምብኝ የፀሐይ ባትሪ አስገብቻለሁ፤ እሱ ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረችው። ጥጉ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ሰጠሁት፤ በወር በወር ይከፍለኛል፤ ድምፁ አይሰማም።

የሚሠራው ሮቦት ነው። እጅና እግር ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ ትእዛዝ ነው። በዓለም ገበያ የወርቅ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ እያየ ራሱ ይገዛል፣ ራሱ ይሸጣል። እውነተኛ ገንዘብ ከመነካቱ በፊት ግን ይፈተናል። ያለፉት አሥር ዓመታት የወርቅ ዋጋ፣ በየሰከንዱ የተመዘገበው ሁሉ፣ እንደ አዲስ ይጫወትለትና «ያኔ ብትኖር ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? ታተርፍ ነበር ወይስ ትከስር?» ተብሎ ይጠየቃል። ባክቴስት ይሉታል። ያን ሁሉ ዋጋ በኛ ኔትወርክ ማውረድ ስለማይታሰብ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ሃርድ ዲስክ ላይ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ላከለት።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ስቃይ ነው። ሮቦቱን ለመፈተን መጀመሪያ የአሥር ዓመቱ ዋጋ ላፕቶፗ ውስጥ መጫን አለበት። መጫኑ ብቻ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ይፈጃል። ላፕቶፗ እንደ ታመመች ላም ታቃስታለች፤ አድማሴ አገጩን ተደግፎ በስክሪኑ ላይ የሚያልፉትን መስመሮች ያያል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል፤ የኔ ባትሪም ደመና የዋለበት ቀን ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆየውም። እንደገና ከመጀመሪያው። ሮቦቱ ላይ አንዲት ቁጥር ቢቀይር፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አንድ ቀን አራት ጊዜ ጀምሮ አንዴም ሳይጨርስ መሸ። ያን ዕለት ለሱ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ተናገርኩ፤ ማየቱ ሰለቸኝ። አንድ ጣሳ ጤፍ ለመስፈር ጎተራውን በሙሉ መሬት ላይ የሚገለብጥ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ላፕቶፗን ዘጋ። ሁለት ሳምንት ሮቦቱን ሳይነካ የጎተራውን ነገር ብቻ ሠራ። ያደረገውን እየቆየ አስረድቶኛል። ዋጋው የተቀመጠው በጽሑፍ ስለነበረ ማሽኗ እያንዳንዱን መስመር እንደ ደብዳቤ እያነበበች ወደ ቁጥር ትለውጥ ኖሯል፤ እሱ አንዴ ለሁልጊዜ ወደ ቁጥር ለውጦ አስቀመጠው። የማይፈልገውን ዓምድ ሁሉ ጣለ። አንዱን ትልቅ ፋይል በየወሩ ከፋፈለና ሮቦቱ የፈለገው ወር ብቻ እንዲከፈት አደረገ። ከዋጋው ጎን ደግሞ የአሜሪካኖቹን ዜና፣ ስንት ሰው ሥራ አገኘ፣ ኑሮ ስንት ተወደደ የሚለውን፣ በየቀኑና በየሰዓቱ አሰለፈው፤ ያ ዜና በተነገረ ቁጥር ወርቅ ይዘላል ወይም ይወድቃል።

ዜናውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ስልኩ ላይ ያለው ዝርዝር ወደ ላፕቶፕ የማይገለበጥ ፎቶ ስለነበረ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን እሱ አነበበ፣ እኔ ጻፍኩ። «ዓርብ፣ ዘጠኝ ተኩል።» ጻፍኩ። «ረቡዕ፣ ዘጠኝ ተኩል።» ጻፍኩ። «ዓርብ፣ አሥር ተኩል።» ጻፍኩ። ከአንድ ሺህ በላይ መስመር ነው። ስጨርስ መልሼ አነበብኩለት፤ አንዲት ልዩነት አልተገኘችም።

ሦስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃው አርባ ሰከንድ ሆነ። አድማሴ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጥርሱ ነጭ ነው ለካ። ሮቦቱን አስነሣው፤ በአርባ ሰከንድ ተጫነ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው የትርፍ መስመር ወደ ላይ ወጣች። አንዲት ቁጥር ቀየረ፣ አሁንም ወጣች። በቀን መቶ ጊዜ ይፈትነው ጀመር። ሁሌም ወደ ላይ ነው። እያንዳንዷን ነጥብ ይቆጥር የነበረው ሰውዬ የሚያልፉትን መስመሮች ማየት ተወ፤ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ማን ምን ያያል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን እኔም እሱም እናውቀዋለን፤ የጣፈጠን ነገር ግን አንመረምርም።

ጋሽ ፈንታው የገቡት በዚህ መካከል ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣሉ፤ ሆቴልም አላቸው፤ እኔ ዘንድ ውል ለማስጻፍ ይመላለሳሉ። ሰውዬውን መጀመሪያም አልወዳቸውም። ጥርሳቸውን የጎረጎሩበትን ስንጥር ወለሌ ላይ ይተፋሉ፤ በየጊዜው የምጠርገው እኔ ነኝ። ያን ዕለት በአድማሴ ትከሻ ላይ አጎንብሰው ወደ ላይ የምትወጣውን መስመር አዩና ምንድን ናት አሉት። እሱም የሚሰማው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ ምስኪን፣ ከሀ እስከ ፐ ነገራቸው። ስንጥራቸውን ከአፋቸው አውጥተው በጣታቸው መካከል እያዞሩ ሰሙት። ሲወጡ «ኢንጂነር» ብለው ጠሩት።

በሳምንቱ ጃኬት ገዙለት። በሁለተኛው ሳምንት ከተማው ሁሉ ኢንጂነር ይለው ጀመር። ጋሽ ፈንታው ማኅበር ማቋቋማቸው ተሰማ፤ ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ የሌለው ንብረት ያስገባል፣ ሮቦቱ ይሠራል፣ ትርፍ ይከፋፈላል። ለማሳመኛ የሚያሳዩት ያቺን መስመር ነው። አስተማሪው፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያለ ሲስቅ የኖረው ሰው ሁሉ ደጄ ላይ ተሰልፎ ውል አጻፈ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን ስስት አልረሳውም። ድግስ ቤት ገና እንጀራው ሳይወጣ እጁን ታጥቦ የሚቀመጥ ሰው ያስጠላኛል፤ ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ እጁን ታጥቦ ተቀምጦ ነበር።

ከሁሉም ያሳሰበችኝ ሀጀራ ናት። ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ ሻይ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከዚያች አንዲት ክፍል በቀር የተወላት ነገር የለም። ከፊት ሻይ ትሸጣለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ትተኛለች፣ ሁለት ሴት ልጆች ያስተማረችው በሷው ነው። የሻይ ቤቷ ጀርባ ደግሞ ከጋሽ ፈንታው የሲሚንቶ መጋዘን ጋር ይገናኛል፤ ሰውዬው ያቺን ቦታ ሲመኙ ኖረዋል። ሀጀራ ገንዘብ የላትም። ስለዚህ ቤቱን አስገቢ አሏት። ቤቱ በጋሽ ፈንታው ስም ይዞራል፤ እሷ በምትኩ ከሮቦቱ ድርሻ ታገኛለች፤ ሻዩንም እንደ ተከራይ ሆና ትቀጥላለች። ፊርማው በመጪው ቅዳሜ፣ በሆቴሉ አዳራሽ፣ በሁሉም ፊት ነው።

እኔስ አይቸኩሉ፣ ይቆዩ ብያት ነበር። እሷ ግን ወላሂ ሪዝቄን አላህ በዚህ ልጅ እጅ ልኮልኛል ነው የምትለው። አድማሴን ትወደዋለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ቤቴ ሲገባ በሯ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ይላታል፤ እሷ ትመርቀዋለች። አዱኛ እንዲሰጠው፣ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቀው፣ ሌላም ብዙ። እሱ አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል።

ሐሙስ ዕለት፣ ፊርማው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ደንበኛ እስኪያልቅ ጠብቆ በሩን ገፋ አደረገና አጠገቤ ተቀመጠ። ወንበሩን አልጠረገውም። ያን ሳይ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ሮቦቱ የሚያተርፈው ዜናውን ከመነገሩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው» አለኝ።

አልገባኝም። ስልኩን አወጣና ያን ፎቶ አሳየኝ። ዓርብ 3:30 ይላል። አንብቢው አለኝ። «ዘጠኝ ተኩል» አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ከሰዓት በኋላ ስልክ ላይ ሦስት የሚለውን ዘጠኝ ብሎ የማያነብ ሰው በዚህ አገር የለም፤ ዓይናችን ሦስት ያያል፣ አፋችን ዘጠኝ ይላል፣ መካከል ላይ ማንም አያስብም። እሱ እንደዚያው አነበበ፣ እኔ የሰማሁትን 9:30 ብዬ ጻፍኩ። ማሽኗ ግን ሰዓት የምትቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ለሷ 9:30 ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ዋጋው በሷ ሰዓት፣ ዜናው በኛ ሰዓት ጎን ለጎን ተሰለፈ። ከሰዓት በኋላ የሚነገረውን ዜና ሮቦቱ ጠዋት እያወቀ ወርቁን ይገዛል፤ ዋጋው ሲዘል ይሸጣል። የነገውን ጋዜጣ ዛሬ የሚያነብ ሰው መቼ ይከስራል? በድሮው መንገድ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ መስመሮቹን ሲያይ ቢሆን ኖሮ አንዷ ትጎረብጠው ነበር። ያፈጠነው ነገር ሸፈነበት።

አስተካክለህ አየኸው ወይ አልኩት። አየሁት አለ። ሰዓቱን ሲያርም መስመሯ ወደ ታች ወረደች። ሮቦቱን ቀየረ፣ ወረደች። ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ቀያይሮ ሞከረ፤ ሁሌም ትወርዳለች። ሁለት መቶ ኪሳራ ለማየት በድሮው ፍጥነት ቢሆን ወራት ይፈጅበት ነበር፤ አሁን በጥቂት ቀን ጨረሰው።

«በስንት ቀን?» አልኩት።

ያወቀው ያለፈው ሐሙስ እንደሆነ ነገረኝ። ሳምንት ሙሉ ኢንጂነር ሲሉት አቤት ይላል። ሳምንት ሙሉ ያን ጃኬት ለብሶ ይሄዳል። ሳምንት ሙሉ እኔ አጠገብ ተቀምጦ እኔ የሰው ውል ስጽፍ ይሰማል። ለምን አልኩት። በሕይወቱ ሰው አክብሮት እንደማያውቅ፣ አስተማሪ ሳለም ልጆቹ ይስቁበት እንደነበር፣ ሮቦቱ ሳይሰማበት የሚስተካከል መስሎት እንደነበር ነገረኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተጸየፍኩት። ጋሽ ፈንታውስ ስንጥር የሚተፉ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው ምን ይጠበቃል? ይኼ ግን ሁለት መሐረብ የሚይዘው ሰው ነው።

ቅዳሜ በሁሉም ፊት እናገራለሁ አለ። ከዚያ ልመና የሚመስል ነገር ጨመረ። «ለእትዬ ሀጀራ ግን አንቺ ዛሬውኑ ብትነግሪልኝ። እኔ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።»

ያፈረስከውን ራስህ ጠግን ብዬ አባረርኩት። ቁጣዬ ትክክለኛ ቁጣ መስሎኝ ነበር። ብቻዬን ስሆን ግን ያሰብኩት ስለ ሀጀራ አልነበረም። ያሰብኩት ስለ 9:30 ነው። ያ ሁሉ መስመር በኔ እጅ የተጻፈ ነው። ነገሩ ሲወራ ከተማው የሚያወራው ስለ ማሽን ሰዓት አይደለም፤ ብርሀንነሽ ተሳሳተች ነው የሚለው። የኔ ጽሑፍ። ከከላላ ድረስ የሚመጡለት ጽሑፍ። ቅዳሜ እሱ ራሱ ይናገር፣ ጥፋቱንም እሱ ይሸከም ብዬ ወሰንኩ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሀጀራ መጣች። ዓይኗ ደቃቅ ጽሑፍ አይለይላትም፤ ነገ የምትፈርምበትን ውል አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። «የቤቱ ባለቤትነት ከዛሬ ጀምሮ» ብዬ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ከላይ እስከ ታች። አንድም ቃል አልዘለልኩም። ስጨርስ ልፈርም ትያለሽ? ብላ ጠየቀችኝ። የርስዎ ጉዳይ ነው እትዬ፣ ምን አውቄ አልኳት። አመስግናኝ ወጣች።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቷል። እኔ ውሎቹን በክላሰር ይዤ ከፊት ጠረጴዛ ተቀምጫለሁ፤ ሀጀራ ነጭ ሻሽ ሸብ አድርጋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ጋሽ ፈንታው ኢንጂነራችን ያሳየናል ብለው አድማሴን አስነሡት። ጃኬቱን አልለበሰም። ላፕቶፗን አልከፈተም፤ ስልካችሁን አውጡ አላቸው። አወጡ። ስንት ሰዓት ነው አላቸው። ከየአቅጣጫው አምስት ከሩብ አሉት። «የተጻፈው ስንት ይላል?» አላቸው። እንደገና አዩ። አሥራ አንድ ከሩብ።

ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የተሳሳተው እንዲህ መሆኑን፣ ሮቦቱ ገና ያልተነገረ ዜና እያየ ሲያተርፍ እንደነበረ አንድ በአንድ ነገራቸው። ያነበብኩት እኔ ነኝ አለ። ማን እንደጻፈው አልተናገረም። አንድ ባለሱቅ ታዲያ አስተካክለውና ቀጥል አለ። ያኔ ላፕቶፗን ከፈተ፤ በአርባ ሰከንድ ጫነው፤ ፕሮጀክተሩ ባበራበት ግድግዳ ላይ መስመሯ እየወረደች እየወረደች ከሥር ጠፋች።

ሰዎቹ አመስግነውት የሚነሡ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ጋሽ ፈንታው ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ወጣቱ ሥራው ሲሳካ ለብቻው ሊበላው እንዳማረው፣ ሆን ብሎ የተበላሸውን እንዳሳየ በለዘበ ድምፅ ተናገሩ። ይህን አሉና ስንጥራቸውን ነከሱ። ወዲያው ጉርምርምታው ተነሣ። ልክ ነው፣ ትናንት የሚወጣው ዛሬ ለምን ወረደ? እኛ ድሆቹ ስንገባ ነው የሚከስረው? እውነቱን የነገራቸውን ሰው ሌባ አሉት፤ ቤታቸውን ሊወስዱ የመጡትን ሰውዬ ጋሼ አሉ። የሰው ልጅ ስስት እንዲህ እንደሚሸት አላውቅም ነበር።

አንዱ ደግሞ ተነሥቶ መቼ ነው ያወቅከው ብሎ ጠየቀ። ውሸት ቢናገር፣ ዛሬ ጠዋት ቢል፣ ያልፍለት ነበር። አድማሴ ግን አቶ ነጥብ ነው። «የዛሬ ዘጠኝ ቀን» አለ።

ሀጀራ የተነሣችው ያኔ ነው። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ጠዋት በሬ ላይ ቆመህ እንዴት አደሩ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ስመርቅህስ?»

ሻሿን አስተካከለችና በሰዎቹ መካከል አልፋ ወጣች። ውሏ ክላሰሬ ውስጥ ሳይፈረም ቀረ። የሷ ብቻ ነው የቀረው፤ ሌሎቹ አሥራ አንድ ሰዎች እዚያው፣ ያቺ መስመር ስትወርድ ባዩበት ግድግዳ ፊት፣ ተራ ይዘው ፈረሙ። ብዕር ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ጋሽ ፈንታው አስቀድመው ከአድማሴ የተቀበሉትን የሮቦቱን ኮፒ የሚያስነሣ ሌላ ሰው ከደሴ አመጡ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ከተማው ያውቀዋል። የሚነገረው ዜና በእውነተኛው ገበያ ስድስት ሰዓት ቀድሞ አይመጣም፤ ገንዘቡ በሁለት ወር ውስጥ ቀለጠ። በንብረት የገቡት ንብረታቸው በጋሽ ፈንታው ስም ዞሮ ቀርቷል። ሰዉ ታዲያ የሚረግመው ማንን ይመስላችኋል? አድማሴን ነው። ምላሱ ጥቁር ነው፣ ተናግሮ አከሰረን ይላሉ። ይህን የሚሉኝ ቤቴ መጥተው፣ ክስ እያስጻፉኝ፣ ወረቀቴን ባላበው እጃቸው እየነካኩ ነው። እጽፍላቸዋለሁ፤ ገንዘባቸውን እቀበላለሁ።

አድማሴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ወር ያህል ቆየ። ጠዋት ሲያልፍ በሀጀራ በር ላይ ይቆማል፤ እንዴት አደሩ ይላል፤ እሷ ብርጭቆ ታጥባለች። ምርቃቱም እርግማኑም የለም። ከዚያ የማስጠናት ሥራ አገኘና ወደ ወረኢሉ ሄደ። ጠረጴዛውን ከመልቀቁ በፊት ጠራርጎት ነበር የሄደው። የኔን ስም ያኔም ኋላም ለማንም አላነሣም። ቢያነሣው ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ማለቱ ያስጠላኛል፤ ይበልጥ የሚያስጠላኝ ግን ዝም በማለቱ ደስ መሰኘቴ ነው።

ባለፈው ሰኞ ሀጀራ የቤቷን ካርታ ይዛ መጣች። ለልጆቿ አንዳንድ ኮፒ ማስቀመጥ ፈልጋለች፤ የዛሬ ሰው አይታመንም አለች። ካርታውን የፎቶ ኮፒው መስተዋት ላይ አስተኝቼ ክዳኑን ስዘጋ ከኋላዬ ትናገራለች።

«እኔስ ልጁን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ወጣት ነው። ግን አንቺን ሳይ ነው የሚገርመኝ፣ ብሬ። አንቺ ብታውቂ ኖሮ ያን ዓርብ ውሉን እያነበብሽልኝ አንጀትሽ አይችልም ነበር። እዚያው ቀድደሽ ትጥይው ነበር። አውቅሻለሁ።»

ማሽኑ ሁለቱን ኮፒ አወጣ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኳት።

ካርታዋን መለስኩላት፤ የኮፒውን ዋጋ አልተቀበልኳትም። እሷም መርቃኝ ወጣች።